ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነጠላ ጫማዬን ፍለጋ የልጅ ልጄ ክፍል ገባሁ። ጎንበስ ብዬ እጄን አልጋው ሥር ስሰድ በአሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነካሁ። ጎትቼ አወጣሁት። እንደ አራስ ልጅ ይከብዳል። ሹራቡን ስገልጠው ጥቁር ብረት ነው፤ በአንድ ወገኑ ወፍራም ሽቦ፣ በሌላው ወገኑ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ከኋላው ደግሞ መንትያው ተቀምጧል።

ሌላ ሰው ቢያገኘው ለቁራሌው ያስቀምጠው ነበር። እኔን ግን ጉልበቴ ከዳኝ። 34 ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሱቄ ሲመጣ የምፈራው ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማይክሮዌቭ ምድጃ ነው። አልጋው ሥር ያገኘሁት የዚያን ምድጃ ትራንስፎርመር ነበር።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ 11ኛ ክፍልን ጨርሶ ክረምቱን ቤት ነው። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ከእሱ ሌላ የላትም። ጠራሁትና ሳልጮህ ጠየቅሁት።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከምናለሽ ተራ ገዛሁት፣ አባባ።»

«ለምን?»

አቀርቅሮ ቆየ። «ቴስላ ኮይል ልሠራ ነው። መብረቅ የሚያወጣው። እርስዎ ሳይሰሙ ልሞክረውና ከሠራ ላሳይዎት ነበር።»

መብረቅ ማለቱ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠችኝ «ሳይሰሙ» የምትለው ቃል ናት። ያን ክረምት በቤታችን የሆነውን የምጽፈውም ስለዚህች ቃል ነው። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የማያዩት ነገር የለም፤ ያዩትን ለመሥራት የሚያስፈልገውም ዕቃ ከሰፈር አይርቅም። ሳንሰማ የሚሞክሩት ነገር በየቤቱ አለ።

መብረቁና ሳጥኑ

ቴስላ ኮይል የሚባለው ነገር ሁለት የሽቦ ጥቅል ነው። ከታች ወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር ይዞራል። በመካከሉ ቱቦ ይቆምና ቀጭን ሽቦ ወደ 1 ሺህ ዙር ያህል ይጠመጠምበታል። ከታች ያለው ጥቅል ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ከሚለቅ ካፓሲተር ጋር ይያያዛል። ካፓሲተሩ ሲሞላ በሁለት ብረቶች መካከል በተተወች ጠባብ ክፍተት ላይ ብልጭታ ይዘላል፤ የተጠራቀመውም ኃይል ታችኛው ጥቅል ላይ ይፈስና በሰከንድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይርገበገባል። የላይኛው ጥቅል ለዚያው እርግብግቢት ተቃኝቶ የተሠራ ነው። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በመጣ ቁጥር በልኩ ሰዓት ገፋ ብናደርገው እየናጠ ከፍ እንደሚል፣ የላይኛው ጥቅል ቮልቴጅም እንዲሁ እየተገፋ ከ100 ሺህ ቮልት በላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሽቦው አይችለውም፤ ከአናቱ ወደ አየር ይተፋዋል። ልጆች መብረቅ የሚሉት ይህንን ነው።

የግድግዳችን ኤሌክትሪክ ግን 220 ቮልት ብቻ ነው፤ ያቺን ክፍተት መዝለል አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያ 220ውን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት የሚያወጣ የኃይል ምንጭ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ያለበት ሳጥን ማለት ነው። ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ዓይኑ መብረቁ ላይ ነው። ሰው የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መብረቁ አይደለም፤ ከታች ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠው ሳጥን ነው።

ለልጄ ያስረዳኋት በሰፈራችን ምሰሶ ነው። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ያንኑ ኃይል በትንሽ ፍሰት ማጓጓዝ ይቻላል፤ በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነውም ይቀንሳል። ከተማ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ይወርድና በየሰፈሩ ወደ 15 ሺህ ቮልት ይደርሳል። ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ትራንስፎርመር ያንን ወደ 380 እና 220 አውርዶ ለቤታችን ይሰጣል። የልጅ ልጄ ሊሠራ የፈለገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከቤት 220 ወስዶ ወደ ምሰሶው ከፍታ መመለስ። «ልጆች፣ ወደዚያ ምሰሶ እንዳትጠጉ» የምንለውን ነገር መኝታ ቤቱ ውስጥ ሊያስገባው ነበር።

ያ ብረት ለምን ይገድላል?

ሰው በተለምዶ «ስንት ቮልት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልብን የሚያቆመው ግን በደረት ውስጥ የሚያልፈው የፍሰት መጠን ነው። አንድ ሚሊአምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር አንድ ሺህኛ፣ ጣት ላይ እንደ መርፌ ይሰማል። ከ10 ሚሊአምፔር ሲያልፍ ጡንቻ ይጨመደድና የጨበጡትን መልቀቅ ያቅታል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ በደረት ካለፈ የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል።

የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 2 ሺህ ቮልት ገደማ ያወጣል። ፍሰቱ ግን ግማሽ አምፔርና ከዚያም በላይ ነው፤ ይህም 500 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ምግብ ለማሞቅ ስለተሠራ ጉልበቱን አይቆጥብም። በአሜሪካ እንጨት ላይ በኤሌክትሪክ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጌጥ ለማቃጠል ይህንኑ ትራንስፎርመር የተጠቀሙ ሰዎች ሞተውበታል፤ የእንጨት ቀራጮች ማኅበራቸውም አሠራሩን በዝግጅቶቹ ላይ ከልክሏል። የሞቱት ሞኞች ስለነበሩ አይደለም፤ ብረቱ ሁለተኛ ዕድል ስለማይሰጥ ነው።

በጥገና ዘመኔ አንድ ጊዜ የተጠፋ ቴሌቪዥን ነዝሮኛል። ያ ሆዱ የወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ላይ እስከ 25 ሺህ ቮልት ይይዛል፤ ከሶኬት ተነቅሎም ይቆያል። ከነወንበሬ ጣለኝ። ክርኔ ላይ ጠባሳ ቀረ እንጂ ተነሣሁ፤ ምክንያቱም ያ የተጠራቀመ ነገር ጥቂት ነው፤ አንዴ ነክሶ ያልቃል። የማይክሮዌቩ ግን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ አያልቅም።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። «ቤታችን ብሬከር አለው፤ አደጋ ቢመጣ ይወርዳል» እንላለን። ብሬከርም ሆነ ንዝረት ሲሰማው የሚያቋርጠው ዘመናዊው መከላከያ የሚጠብቁት ከግድግዳው እስከ ትራንስፎርመሩ መግቢያ ያለውን ነው። ከትራንስፎርመሩ ወዲያ ያለው ሌላ ወረዳ ነው፤ እዚያ ሰው ቢያዝ ብሬከሩ አያየውም። ሳይወርድ ይቀጥላል።

ቡናው የቀዘቀዘበት ቀን

ልጄ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «አሁኑኑ ከቤቴ ይውጣልኝ!» ነው። «አባዬ፣ እርስዎ ራስዎ ይገድላል ካሉ በኋላ ምን የሚያነጋግር ነገር አለ?»

በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ልጁ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ቡናውም ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ልጄ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ልጅ ሆኜ ሱቅዎ እየመጣሁ ሬዲዮ ሲፈቱ አይ ነበር፤ ያስታውሳሉ?» አለችኝ።

«አስታውሳለሁ።»

«አንድ ቀን መበየጃውን አነሣሁ። 'ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም፣ ሂጂ ቤት' አሉኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አልመጣሁም።»

ምን እመልሳለሁ? ያልኩትን ረስቼው ነበር። እሷ ግን 30 ዓመት ይዛው ኖራለች።

«እኔ እሺ ባይ ነበርኩ» አለች። «እሱ እንደኔ አይደለም፤ እሺ ብሎ ተደብቆ ያደርገዋል። ዛሬ ብንጥለው ነገ ሌላ ይገዛል። ያን ጊዜ ደግሞ አልጋ ሥር አያስቀምጠውም።»

በማግሥቱ ልጁ ስለ ኒኮላ ቴስላ ያነበበውን ነገረን፤ ይህ የእሱ ክርክር መሆኑ ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ክሮኤሺያ በምትባለው አገር ስሚልያን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ሲመለስ ኮሌራ ያዘውና 9 ወር ተኛ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ አባቱን «ምሕንድስና እንድማር ቢፈቅዱልኝ እድን ይሆናል» አላቸው፤ እሳቸውም ቃል ገቡለት። ዳነ፤ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካ ገባ፤ በ1891 ይህንን ጥቅል ሠራ። ዛሬ በየቤታችን የምንጠቀምበት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክም በእሱ ሥራ ላይ የቆመ ነው።

እናቱ ሰምታ «የቄሱ ልጅ ታሞ ነው የተፈቀደለት። አንተ ደግሞ እስክትታመም አንጠብቅም» አለችው። እሺ ያለችው በዚህ ዓይነት ነው።

ሦስት ውሎች

ወረቀት አውጥተን ሦስት ነገር ጻፍን፤ ሦስታችንም ፈረምን። አንደኛ፣ የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር መቼም ቢሆን ሶኬት ላይ አይሰካም። ሁለተኛ፣ ሥራው ከባትሪ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ከባትሪ በላይ የሆነ ማንኛውም ነገር እኔና እናቱ ሳንኖር አይነካም።

ባትሪው 12 ቮልት ነበር። ከሞተር ጠምጣሚዎች ዘንድ ቀጭን ሽቦ ገዛን። ልጁ በፒቪሲ ቱቦ ላይ 300 ዙር አንድ በአንድ እየቆጠረ ጠመጠመ፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። አንድ ትራንዚስተርና አንድ ሬዚስተር ጨመርንበት። ብልጭታ የሚባል ነገር የለውም። ግን የተቃጠለ ፍሎረሰንት አምፖል አጠገቡ ስናመጣ ያለ ምንም ሽቦ በእጃችን ላይ በራ። እናቱ የሳሎኑን መብራት አጥፍታ አምፖሉን ከእጁ ተቀበለችው። ስታርቀው ይደበዝዛል፣ ስታቀርበው ይደምቃል። ደጋግማ ሞከረችው።

ወላጅ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ይረካል። ቴስላ የሠራው ነገር ምሥጢሩ እዚህች ትንሽ ጥቅል ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ። ልጃችሁ በዚህ ከረካ አትግፉት። የእኔው አልረካም።

ሳጥኑን ስንሠራ

ለትልቁ ጥቅል የመረጥነው የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመር ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ወደ ኤልኢዲ ሲዞሩ አሮጌዎቹን ጥለዋቸዋል። ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ያገኘሁት የድሮው ባለ ብረት ዓይነት ነው፤ ግንባሩ ላይ 9 ሺህ ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር ተጽፎበታል። ቮልቴጁ ከማይክሮዌቩ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ፍሰቱ ግን ከአሥር እጅ በላይ ያንሳል። ሲሠራ ጀምሮ ውስጡ ልጓም አለው፤ ከልኩ በላይ ሲስቡት ቮልቴጁን ይጥላል እንጂ አይሰጥም። ታዲያ አይገድልም ማለት አይደለም። 30 ሚሊአምፔር ልክ ወሰኑ ላይ ነው። ከማይክሮዌቩ የሚሻለው ለስህተት ጠባብ ቦታ መተዉ ብቻ ነው።

የቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ እንሥራው ሲል ከለከልኩት፤ ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የሲሚንቶ ወለል ያላትን ክፍል ለቀቅን፤ መሬቱ ላይ ደረቅ ጣውላና ጎማ አነጠፍን። ትራንስፎርመሩን በእንጨት ሳጥን ዘጋነው። ለምድር መስመሩ የውሃ ቧንቧ አልተጠቀምንም፤ ቧንቧው ጎረቤት ቤት ገላ የሚታጠብ ሰው ጋ ይደርሳል። ግቢው ጥግ የራሱ የሆነ ዘንግ ተከልንለት። ለካፓሲተሩ 12 የቢራ ጠርሙስ በጨው ውሃ ሞልተን የጨው ውሃ ባለበት የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አቆምናቸው፤ ብርጭቆው በሁለቱ ውሃዎች መካከል ሆኖ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ከጠፋ በኋላም ሊቆይበት ስለሚችል ከረጅም ፒቪሲ ጫፍ ላይ የመዳብ መንጠቆ አሥረን ከምድሩ ጋር አያያዝነው። እጅ ከመግባቱ በፊት መንጠቆው ይገባል።

ከዚያ የማጥፊያው ጉዳይ መጣ። እናቱ አራት ሜትር ገመድ ባለው የእጅ መጫኛ ላይ እንድትሆን ተስማማን፤ እስከጨበጠችው ይሠራል፣ ስትለቀው ይጠፋል። እኔ ግን ሌላም ጨመርኩ። ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ባለቤቱን ለምኜ አሮጌ ኮንታክተር ከነአረንጓዴና ቀይ ቁልፉ አመጣሁ።

ልጁ ተሰላቸ። «አባባ፣ መጫኛ አለን፤ ሶኬቱን የሚነቅሉት እርስዎ አሉ። ይሄ ደግሞ ለምን?»

«ወፍጮ ቤት መብራት ሲሄድ ባለወፍጮው ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«እህሉን ያጸዳል።»

«እጁ ከድንጋዩ አጠገብ እያለ መብራቱ ቢመጣስ?»

ዝም አለ።

የወፍጮው ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣ ግን በራሱ አይያዝም። ሰው መጥቶ አረንጓዴውን እንደገና እስኪጫን ሞተሩ አይነሣም። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሲሄድም ሲመጣም አያስፈቅድም። ልጁ አላመነበትም፤ እኔን ላለማስቀየም ብቻ ገጠመው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን አንድ ምሽት ወደ 1 ሰዓት ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልናበራው ቆምን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ስልኮቻችንን ሌላ ክፍል አስቀምጠናል። ልጁ ሦስት ሜትር ርቋል፣ እናቱ መጫኛውን ጨብጣለች፣ እኔ ሶኬቱ አጠገብ ነኝ። አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ሳጥኑ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ቀጥሎ ክፍተቱ ላይ እንደ ጅራፍ የሚጮህ ነጭ ብልጭታ ተነሣ፤ ከጥቅሉም አናት ወይን ጠጅ መልክ ያላቸው ክሮች አንድ ስንዝር ተኩል እየዘለሉ አየሩን ላሱት። ክፍሉ መብረቅ ከወደቀ በኋላ የሚሸተውን ሸተተ። ልጁ አልጮኸም፤ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቱ ስታለቅስ አየሁ፤ ከምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሁለት ጊዜ አብርተን አጠፋን። ሦስተኛው ላይ ገና ሲጀምር ክፍሉ ድርግም ብሎ ጨለመ። የሰፈሩ መብራት ነው የሄደው።

«ሻማ ላምጣ» ብዬ ዞርኩ። ልጁ በጨለማው ውስጥ «ክፍተቱ ሰፍቷል መሰለኝ፤ እስኪመጣ ላስተካክለው» ሲል ሰማሁት። መብራት በሌለበት ቤት ምን ያስፈራል? እኔም እንደዚያ ሳላስብ አልቀረሁም፤ አልከለከልኩትም። ሻማውን ሳላገኝ መብራቱ መጣ።

ዞሬ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ግራ እጁ የክፍተቱን ብረት ይዟል፤ ቀኝ እጁ ካቻቢቴ ጨብጧል። መንጠቆው ከግድግዳው አልተነሣም። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። እናቱ መጫኛውን አለቀቀችውም፤ ከድንጋጤ የተነሣ በጨለማው ሁሉ እስከ መጨረሻው ጨብጣው ነበር።

ሳጥኑ ዝም አለ። አምፖሉ በርቷል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፣ ሳጥኑ ግን ዝም እንዳለ ነው። ኮንታክተሩ አረንጓዴው እስኪጫን እየጠበቀ ነበር።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ልጁ ካቻቢቴውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሶኬቱን መንቀል የእኔ ሥራ ነበር፤ በውላችን ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። መንጠቆውን ማስገባት የልጁ፣ መጫኛውን መልቀቅ የእናቱ ሥራ ነበር። ሦስት ሰዎች፣ የሚዋደዱና የሚጠባበቁ ሰዎች፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ረሳን። ያልረሳው ልጁ «ለምን?» ያለው የወፍጮ ዕቃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

«ልጄን አጠገቤ ሆኜ ስለምጠብቀው ምንም አይሆንም» ማለት በቂ አይደለም። ይህን የተማርኩት በ34 ዓመት ሥራ አይደለም፤ በዚያች ምሽት ነው። ዓይናችን ይደክማል፣ እጃችን ይደነግጣል፣ መብራት ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ መጠርጠር ያለብን ልጁን ብቻ ሳይሆን ራሳችንንም ነው። ነገሩ መሠራት ያለበት ሁላችንም ብንረሳ እንኳ እንዳይገድል ሆኖ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነሣባችሁ አትጩሁበት፤ መጀመሪያ የኃይል ምንጩ ምን እንደሆነ ጠይቁት። «ማይክሮዌቭ» ካለ ንግግሩ እዚያ ላይ ይቁም። «ባትሪ» ካለ አብራችሁ ተቀመጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ ባለሙያ በአካል ሳይኖር አይጀመር፤ የቤት ሽቦ የሚዘረጋ ሁሉ ይህን አያውቅም። በልባችሁ ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላችሁ አያቶች ደግሞ ለማየትም ቢሆን አትቅረቡ፤ ይህ ጥቅል ሥራውን ሊያውክባችሁ ይችላል። ብልጭታውን እንደ ብየዳ ብልጭታ ቁጠሩት፤ በቀጥታ አይታይም። መስኮትም ይከፈት፤ የሚሸተው አየር ለሳንባ አይበጅም። «መብረቁን ብነካው አይነዝረኝም» የሚሉ ቪዲዮዎችንም አትመኑ። እርግብግቢቱ ፈጣን ስለሆነ ንዝረቱ ላይሰማ ይችላል፤ ግን ያቃጥላል። ዘሎ ታችኛውን ጥቅል ካገኘ ደግሞ የሳጥኑን ኃይል በእናንተ በኩል ይስባል።

እኛ ለአንድ ወር አልነካነውም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ልጁ ሳይጠየቅ ሳጥኑን ፈታው። ሶኬቱ ካልተነቀለ ክዳኑ የማይከፈትበትን መላ ራሱ አሰበ፤ የሶኬቱን ገመድ በክዳኑ መቆለፊያ ውስጥ አሳለፈው። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «መብራት ሲሄድ እንዳለ ቁጠረው» ብሎ ጻፈ። መጫኛውን የሚጨብጠው አሁንም እናቱ ናት። ሥራ ባለበት ምሽት ኩሽናዋን ትታ ትመጣለች። መበየጃም እኔ ሳላቀብላት ከመደርደሪያው ታነሣለች፤ ባለፈው የተበጠሰውን የምድር መስመር የበየደችው እሷ ናት። ስታኞው ትንሽ በዝቷል፤ ግን ይዟል።

የማይክሮዌቮቹ ትራንስፎርመሮች አልተጣሉም። የቀጭኑን ሽቦ ጥቅል አብረን በመጋዝ ቆርጠን አወጣንላቸው። ጥርሱ እንደወለቀ እባብ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ ጓደኞቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሳያቸው መብረቁን አይደለም፤ እነሱን ነው። «ይሄ ነበር አልጋዬ ሥር የነበረው» ይላቸዋል።